ህልም የነሱኝ ሌሊቶች

ወረታ ከመገንጠያው ወረድ ብሎ የተከራየኋት ክፍል ከአከራዬ መኝታ የምትለየው በአንድ የጭቃ ግድግዳ ነበር። እኔ ከሌላ ዞን ተመድቤ የመጣሁ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ፤ ጊዜው ባጃጅ ገና ብርቅ የነበረበት ነው። አከራዬ ደግሞ የሰፈሩ ህልም ፈቺ ነበሩ። ህልም እንደ ፈቺው ነውና ጎረቤቱ ክፉ አፍ ሳይቀድመው ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ ይመጣል። እሳቸው አስቀድመው «ለደግ ያርገው» ይላሉ። ጥርሱ ሲወልቅ ያየ ገበሬ ተክዞ ቢመጣ፣ «አሮጌው ወጥቶ አዲስ ሊበቅል ነው፤ ዘንድሮ ሩዝህ ያምራል» ብለው እያሳቁ ይመልሱታል። በእሳቸው አፈታት ቢሆን ኖሮ በመላው ፎገራ ወረዳ ድሃ አይገኝም ነበር።

እኔ ግን የማስፈታው አልነበረኝም። እናቴ ከሞተች ዓመት አልሞላትም ነበር። እህቶቼ በህልማቸው እያዩዋት በስልክ ይነግሩኛል፤ ለእኔ አንድ ቀን እንኳ አልመጣችም። በሞተች እናት የተነሳ በእህት እንደዚያ መቅናት እንዳለ አላውቅም ነበር።

«ስትነቂ ራስሽን አትንኪ፣ ወደ መስኮትም አትይ፤ ህልም ይበራል» አሉኝ አከራዬ። እሺ ብዬ እንደ ግንድ ተጋድሜ ጣራው ላይ ሳፈጥ የጠዋት ሰልፍ ያልፈኝ ጀመር። ትርፌ የርዕሰ መምህሩ ግልምጫ ብቻ ሆነ።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ አንዲት ተማሪ ሰው ለምን እንደሚያልም ጠየቀችኝ። እርግጠኛ መልስ እንደሌለ፣ አንጎል የቀኑን ውሎ እያበጠረ ሳይሆን እንደማይቀር ነገርኳት። ሰው ሁሉ ያልማል፤ ግን በእንቅልፍ ጊዜ የማስታወስ ሥራ ስለሚላላ አብዛኛውን እንረሳዋለን አልኩ። ለእሷ በቃት፤ ለእኔ ጠብ አላለልኝም።

ማታ ራት ላይ ለአከራዬ አማረርኩ። «ማለሙንስ አልማለሁ፤ ከረሳሁት ምን ዋጋ አለው? እናቴን አንዴ እንኳ ባያት ምን ነበረበት?»

ጉርሻቸውን እንደያዙ አዩኝ። «ወይ ልጀ፣ ነውር ልታናግሪኝ ነው» አሉ። ለእሳቸው የተኛ ሰው የተናገረውን መልሶ መንገር ምስጢር መስረቅ ነው፤ ባላማርር ኖሮ አይተነፍሷትም ነበር።

«በግድግዳው እሰማሻለሁ። ሌት ሌት ትስቂያለሽ። ‹እማዬ፣ ተይ እንጂ፣ ሰው ይሰማናል› ትያለሽ፤ ደግሞ ትስቂያለሽ። ራስሽን አትንኪ ያልኩሽስ ለምን ሆነና? አንችው እንድታስታውሽው ብየ እንጅ።»

እናቴ አውቶቡስ ውስጥም ለቅሶ ቤትም ሳቋ ሲመጣ መያዝ የማትችል ሴት ነበረች። እኔም ነጠላዋን እየጎተትኩ የምላት ይህንኑ ነበር። ወረታ ውስጥ ለማንም ነግሬው አላውቅም። ከሩዝ የተቀየጠው እንጀራ እጄ ላይ እንዳለ አለቀስኩ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄ መጣ፤ ደስታ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ጎረቤት እስኪሰማ ሳቅሁ።

አከራዬ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «ሌትም ልክ እንደዚህ ነው» አሉ።