ጓሳ ላይ «ደህና ነው» ያልኩ ዕለት

ምናሉ... ቅዳሜ ጃኬትህን ለብሼ ጓሳ ሄጄ ነበር። እንዳትቆጣ። «ወፍ ለማየት ሲኬድ ሣር የሚመስል ነገር ይለበሳል» የምትለው አንተው ነህ። የእኔ ልብስ ሁሉ አሁን ጥቁር ነው፤ ጥቁር ደግሞ ሜዳ ላይ ከሩቅ ይታያል። የረግረጉ ዝዮች ይበሩብኛል ብዬ አረንጓዴውን ጃኬትህን አደረግሁ።

ለማታውቁት... ምናሉ ታላቅ ወንድሜ ነው። መሐል ሜዳ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር፤ እሱ ሞባይል ይጠግናል፣ እኔ እማራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ሄደን ጓሳ፣ ጥብቁ የሣር ሜዳ ላይ እንወርድና ረግረጉ ዳር በደረታችን ተኝተን በአሮጌ ባይኖኩላር ወፍ እናያለን። መጀመሪያ ያየ የወፏን ስም ይጠራል፣ ሌላው «አየሁት» ይላል። ጨዋታው ይኸው ነበር። ከዚያ ታመመ... ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሞተ። ዘመሮ ወስደን እናታችን ባለችበት ደብር ቀበርነው።

ከልቅሶ ከተመለስኩ ጀምሮ የአክስታችን ልጅ አብሮኝ ያድር ነበር። ቅዳሜ ጠዋት እሱ ወደ ዘመሮ ሲሄድ እኔም ወጣሁ። ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን መቀመጥ ስላቃተኝ ነው እንጂ ወፍ አምሮኝ አይደለም።

ረግረጉ ጋ አባባ ተሰማን አገኘኋቸው። የጓሳ ጠባቂው። መጀመሪያ ቀን ሣር ሰራቂ መስለናቸው በዱላ ያባረሩን። ኋላ ባይኖኩላሩን ስትሰጣቸው ዝይዋን አይተው «ኧረ ይቺ ተኮሳትራ ነው የምታየኝ!» ብለው ወደ ኋላ ያፈገፈጉት... ከዚያ ወዲህማ ከእኔ ይልቅ ያንተ ጓደኛ ሆኑ።

በርኖሳቸውን እንደተከናነቡ ቀረቡኝ። ጃኬቱን አዩት።

«ያ ወንድምህስ?»

መርዶ ሜዳ ላይ፣ ያውም በልጅ አፍ፣ ለሽማግሌ አይነገርም። በማለዳ፣ በቤቱ፣ ሰው ባለበት ነው። ይህን እኛ አገር የማያውቅ የለም።

«ደህና ነው... ሥራ በዝቶበት ነው።»

ፊታቸውን ወደ ረግረጉ አዞሩ።

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው አባባ። ሰላም ብሎዎታል።»

«መቼ እመጣለሁ ይላል?»

«የሚቀጥለው ቅዳሜ።»

«እግዜር ይመስገን» አሉ። ድምፃቸው ቀጠነብኝ፤ ብርዱ ነው አልኩ። ከጉያቸው የገብስ ዳቦ አውጥተው ገመሱልኝ።

«በልቼ ነው የመጣሁት አባባ።»

«ብላ እልሃለሁ! ሆድህ ባዶ አይሁን። ነገ ጠዋት ቤት ነህ?»

«ነኝ።»

«ብላ እንግዲያ።»

ምን ልበልህ ምናሉ... ውሸቱ ጣመኝ። ሰው ሁሉ «ነፍስ ይማር» ሲለኝ ሰንብቶ፣ አንድ ሽማግሌ «መቼ ይመጣል?» ብለው ጠየቁኝ። ለእሳቸው ሥራ በዝቶብህ ነው እንጂ አልሞትክም። በሚኒባስ ስመለስ መላ ሳወጣ ነበር... ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ፣ አንዴ ሥራ፣ አንዴ ጉንፋን፣ አንዴ ሠርግ እያልኩ እዚያ ላኖርህ።

እሁድ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ሦስት ሽማግሌዎች... ከኋላቸው ላባቸው የሚጨስ ፈረሶች። ከፊት አባባ ተሰማ ናቸው። አከራያችን እትዬ አስካለም ኮቴውን ሰምተው ነጠላቸውን እያጣፉ ወጡ።

«ግባ ልጄ፣ ተቀመጥ» አሉኝ በገዛ ክፍሌ። አንደኛው ከኋላ ትከሻዬን ያዘኝ። ያንን አያያዝ አውቀዋለሁ። እናታችንን ስናረዳት እኔም እንደዚያ ይዣት ነበር።

«ወንድ ሁን» አሉ አባባ ተሰማ። «ወንድምህ ምናሉ... አርፏል።»

እትዬ አስካለ አፋቸውን ያዙ። «ኧረ እናንተ ሰዎች! ልጁ ራሱ አይደል እንዴ አፈር ያለበሰው!»

ትከሻዬን የያዘው እጅ ላላ።

«ታዲያ ለምን ደህና ነው አልከኝ?» አሉ አባባ ተሰማ።

«አልሰሙም ብዬ... እንዳይደነግጡ።»

«እኔማ ከገበያ ተመላሽ ሰምቻለሁ! ጥቁር አልለበስህም፣ መነፅርህን አንጠልጥለህ ወፍ ታያለህ፣ ‹ቅዳሜ ይመጣል› ትለኛለህ... ልጁን አላረዱትም፣ ደብቀውታል ብዬ እኮ ነው ሰው ቀስቅሼ ሌሊቱን የመጣሁት!»

ትከሻዬን ይዞኝ የነበረው ሽማግሌ «ሁለት ዋሾ ጓሳ ላይ ተገናኛችሁ!» ብሎ መሳቅ ጀመረ። አባባ ተሰማን ሲያያቸው ተወው። በርኖሳቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ነበር።

«‹ቅዳሜ ይመጣል› ስትለኝ... የሰማሁት ውሸት ቢሆንስ ብዬ ትንሽ አምኜህ ነበር» አሉኝ።

አብረን አለቀስን። ሽማግሌ ሲያለቅስ ድምፅ የለውም፣ በርኖሱ ነው የሚንቀጠቀጠው። እትዬ አስካለ ቁርስ ልሥራ ቢሉ እንቢ ብለው በመጡበት ሄዱ።

ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ይህ ነበር። ከሄዱ በኋላ ጃኬትህን አጥፌ ሣጥን ውስጥ ከተትኩ። ባይኖኩላሩን ይዤ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ጎረቤት ቆርቆሮ ላይ አንድ ቁራ ነበረች፤ ያለ ባይኖኩላርም ትታያለች።

«ቁራ» አልኩ ጮክ ብዬ።

ጠበቅኩ...

ሌላ ቁራ መጥታ አጠገቧ አረፈች። እሷንም ጠራሁ። ከዚያ መስኮቱን ዘጋሁ።

አሁን መሞትህን ያልሰሙት የረግረጉ ዝዮች ብቻ ናቸው... ለዝይ ደግሞ መርዶ የሚነግር ሽማግሌ የለም።