ዓሣ የማይዝ መረብ

ዓሣ አጥማጁ አያ መልካሙ ከቁንዝላ ወደ ባሕር ዳር የመጡት ሊያርፉ ነው። ወገባቸውን እያመማቸው፣ ዓይናቸውም የመረቡን ቀዳዳ ከውኃው መለየት እያቃተው ስለመጣ፣ ልጃቸው ፀደንያ «አባባ፣ ይብቃዎ! መጥተው ከእኛ ጋር ይረፉ» አለቻቸው። መጡ። ማረፍ እንዲህ አድካሚ ሥራ መሆኑን ግን ማን ነገራቸው!

ፀደንያ ኮሌጅ ታስተምራለች፣ ባሏ ኪሩቤል ፋብሪካ ውስጥ መሐንዲስ ነው፤ ቤታቸው ምንም አልጎደለውም። አያ መልካሙ በሩ ሲንቋቋ ሰምተው ላስተካክለው ቢሉ፣ «ይተዉት አባባ፣ አናጢ እንጠራለን»። የጓሮውን ሣር ልጨደው ቢሉ፣ «ኧረ አባባ፣ ይረፉ!»። የበሉበትን ሳህን እንኳ ለማንሣት ብድግ ሲሉ ከእጃቸው ይቀበሏቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን ከጣና ማዕበል ጋር ሲታገሉ የኖሩ ሰው፣ ሶፋ ላይ ተጎልተው በቴሌቪዥን የሰው ጭቅጭቅ ሲሰሙ ይውሉ ጀመር። በልጃቸው ቤት እንግዳ ሆኑ። እንግዳ ደግሞ መጀመሪያ ሰሞን ነው የሚያምረው። ፀደንያ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች፤ እሳቸው በዚያ ቤት «ይኼ የአባባ ነው» የሚባል አንድ ነገር ሳይኖራቸው ሕፃኑ ሊመጣ ነው። ይህ ነበር የሚያንገበግባቸው።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ወደ ሐይቁ ዳር ይወርዳሉ። አንድ ቅዳሜ እንዲሁ ሲንጎራደዱ ዋርካው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው፣ የሱፍ ክር በየቀለሙ ዘርግተው፣ ኪሮሽ የሚሠሩ ሴቶች አገኙ። በየሳምንቱ እዚያ እየተሰበሰቡ እየተጫወቱ የሚሠሩ ናቸው። ከመካከላቸው በዕድሜ የሚበልጡት የመሪጌታ ባለቤት ወይዘሮ ወለተ ኪዳን፣ በትናንሽ ካሬዎች የተገጣጠመ ብርድ ልብስ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው ያያሉ። አያ መልካሙ ቆሙ። ቀዳዳውን አዩ፣ አሁንም አዩ፣ ሙያ ነውና አላስችል አላቸው።

«እሜቴ፣ ይቅርታዎን፤ ይኼ መረብ ዓሣ አይዝም» አሉ።

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ግን ብርድ ልብሱን ከፊታቸው ዝቅ አድርገው፣ «ዓሣማ ምን ሊያደርግ ይገባል! ልጅ ነው የሚይዘው። የልጅ ልጄን ላቅፍበት ነው» አሏቸው።

«የልጅ ልጅ» የሚለውን ሲሰሙ፣ ሊሄዱ የነበሩት አያ መልካሙ እዚያው ተቀመጡ። «እስቲ ያችን ሜንጦ ያሳዩኝ» አሉ፣ ጫፏ ቆልመም ያለውን ኪሮሽ እየጠቆሙ። «መረብ ስሠራ አርጅቼ ይህች ታቅተኛለች?»

አቃተቻቸው! ያቃተቻቸውም ስለማያውቁ ሳይሆን ሌላ ነገር አጥብቀው ስለሚያውቁ ነው። መረብ ሲሠራ እያንዳንዱ ዓይን ይቋጠራል፤ ያልተቋጠረ እንደሆነ ትንሹ ዓሣ ቆሮሶው ሹልክ፣ ትልቁ አምባዛ ደግሞ መረቡን ይዞት ጥርግ ይላል። ኪሮሽ ግን አንዱን ቀለበት በሌላው ውስጥ እየሳቡ መሄድ ነው፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ምንም አይቋጠርም። አያ መልካሙ ክፍት የሆነ ቀለበት ትቶ ማለፍ አንጀታቸው አልችል አለ። ሦስት ዘለላ ይሠሩና፣ ዞር ዞር ብለው አይተው፣ ሰረቅ አድርገው ቋጠር! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እሳቸው ግን አንበሳውን ትተው ድሩን አሰሩት። የመጀመሪያው ካሬያቸው ሲያልቅ እንደ ሰፌድ ደርቆ ቀጥ አለ።

ባንክ የምትሠራው ማህሌት፣ ከሁሉ ታናሿና ከሁሉ ነገረኛዋ፣ በጣቷ ኳ ኳ አደረገችው። «አያ፣ በዚህማ ልጅ አይታቀፍም፤ ስንዴ ይነፈስበታል!»

«አይቋጥሩ!» አሏቸው ወይዘሮ ወለተ ኪዳን።

«ያልተቋጠረ ነገር ይፈታል!»

«ይፈታ! ካልተፈታ በምን ይማሩታል?» አሉና ወይዘሮዋ ሊጨርሱት ጥቂት የቀራቸውን የራሳቸውን ካሬ አንሥተው፣ የክሩን ጫፍ ይዘው ሳብ አደረጉት። ጠቅላላው ሥራ ትርትር ብሎ መልሶ ክር ሆነ። አያ መልካሙ የያዙትን ዓሣ መልሰው የለቀቁባቸው ያህል ደነገጡ። ወይዘሮዋ ግን ስለ መሪጌታ ጉንፋን እያወሩ፣ ወደ እጃቸው እንኳ ሳያዩ፣ ካሬውን እንደ ገና ሠሩት። ሁለተኛው ከፊተኛው ያምር ነበር።

ከዚያ ወዲህ አያ መልካሙ ቅዳሜን እንደ ዓመት በዓል ይጠብቁ ጀመር። በሌላው ቀን ክሩን በኮት ኪሳቸው ይዘው የጓሮው ዛፍ ሥር ተደብቀው ይለማመዳሉ። ይሠራሉ፣ ይተረትራሉ፣ ይሠራሉ። ጣታቸው ለመቋጠር ሲጣደፍ «ተው አንተ!» ብለው ይገሥጹታል። ሴቶቹም አልሰለቹ፤ ማዕዘኑ ሲጠፋባቸው ማዕዘኑን ያሳዩአቸዋል፣ ሲናደዱ «አይዞዎ አያ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሏቸዋል። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ አንዲት ካሬ፣ ለስላሳ፣ ጠፍጣፋ፣ አራቱም ማዕዘኗ የተስተካከለ፣ ምንጣፉ ላይ አስቀመጡ። ሴቶቹ እልልታውን ሲያቀልጡት በጀልባ ያሉ መንገደኞች ማን አገባ ብለው ዞረው አዩ። አያ መልካሙም እንደ ሙሽራ አፈሩ።

ምስጢሩን ያወጣው አበራ ነው። አበራ የቁንዝላ የዓሣ ማስገር ጓደኛቸው ነው፤ ለጉዳይ ከተማ መጥቶ ሊጠይቃቸው ገባ። ሳሎን ተቀምጠው ሲጨዋወቱ ከአያ መልካሙ ኪስ ኪሮሹና ክሩ ወለሉ ላይ ዱብ አለ። አበራ አነሣው፣ አገላበጠው፣ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«አንተ መልካሙ! ሐይቁን ትተህ ከሴቶች ጋር ዳንቴል ጀመርህ? ቁንዝላ ይህን ስትሰማ ምን ትል!»

ፀደንያና ኪሩቤልም ፈገግ አሉ። አያ መልካሙ ጆሯቸው ጋለ። «ስማ አበራ» አሉ ብድግ ብለው፤ «በጣና ደሴቶች ያሉት መነኮሳት አባቶች ቆባቸውን በገዛ እጃቸው ይሠሩት የለም ወይ? የልጅ ልጄ ክርስትና በምትነሣበት ቀን እኔ በዚህ እጄ በሠራሁት ብርድ ልብስ ካልታቀፈች፣ ስሜ መልካሙ አይሁን! አንተም መጥተህ ታያለህ!»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ያችን ለስላሳ ካሬ ገና መሥራታቸው ነው እኮ! ፀደንያ ደነገጠች። «አባባ፣ ለዓይንዎ አይሆንም፤ ገበያው ሞልቶ የለ፣ እንገዛለን። እርስዎ ይረፉ» አለች። ይህን ባትል ኖሮ ምናልባት ይቅርታ ጠይቀው ይተዉት ነበር። «ይረፉ» ስትላቸው ግን ልባቸው ቆረጠ።

ደግነቱ ጊዜ ነበራቸው። በአልትራሳውንድ ሴት ናት ተብሏል፤ ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። አያ መልካሙ ይህን ሁሉ አስልተው፣ የሐይቁን ደንገል የሚመስል አረንጓዴ፣ ቢጫና ነጭ ክር አስመርጠው፣ ተረጋግተው ይሠሩ ነበር። እንዲያውም በመሐሉ ዓሣ የሚመስል ነገር ላስገባበት ብለው ማህሌት ናት ያስተወቻቸው።

ፀደንያ በሰላም ተገላገለች። ኪሩቤል ከማዋለጃው ክፍል እየሮጠ ወጣ። «አባባ! ወንድ ነው!»

አያ መልካሙ መሬት ስመው ተነሡ፤ ደስታቸው ወደር አልነበረውም። ደስታው በረድ ሲል ነው ነገሩ የመጣላቸው። ወንድ ከሆነ አርባ ቀን ነው! የሰማንያውን እኩሌታ ሐይቅ በላው። ያላቸው ካሬ ደግሞ ለአንድ ድመት እንኳ አይበቃም።

ቅዳሜ ዋርካው ሥር አንገታቸውን ደፍተው ነገሯቸው። ማህሌት ወዲያው፣ «ምን ችግር አለው! እንከፋፈለው፤ ሁላችንም ጥቂት ጥቂት ብንሠራ አንድ ሳምንት አይፈጅም» አለች።

አያ መልካሙ ፈተናው ከበዳቸው። ማን ያውቅባቸዋል? ካሬ ካሬ ነው። ግን የልጁን ፊት አስታወሱ። «በእጄ ብዬ ምያለሁ» አሉ። «በሰው እጅ ሥራ ካቀፍሁት፣ እኔ በዚያ ቤት አሁንም እንግዳ ነኝ።»

ማህሌት ያነሣችውን ክር መልሳ አስቀመጠች። ወይዘሮ ወለተ ኪዳንም፣ «እንግዲያው አንዲት ጥልፍ አንነካብዎትም። ብቻዎን ግን አይቀመጡም» አሉ። ቃላቸውንም ጠበቁ። ቅዳሜ ብቻ የነበረው ስብሰባ በየቀኑ ሆነ፤ ከሥራ የወጣችው ከሥራ፣ ከቤት የመጣችው ከቤት፣ እየተፈራረቁ አብረዋቸው ይቀመጣሉ። ማህሌት መነጽር አምጥታ አፍንጫቸው ላይ ሰካችላቸው፤ ለካስ ዓለም እንዲህ ጥርት ያለች ኖራለች! አንዷ ክር ትጠቀልልላቸዋለች፣ ሌላዋ ታስቃቸዋለች። «ሕፃኑም እኮ ገና ትንሽ ነው፣ አያ» ትላለች ማህሌት፤ «የአርባ ቀን ልጅ የሰማንያ ቀኗን ያህል ጨርቅ አይፈጅም!» ካሬዎቹም በካሬ ላይ ተደራረቡ።

የክርስትናው ዋዜማ ከሰዓት ላይ ብርድ ልብሱ ተገጣጥሞ ሣሩ ላይ ተዘረጋ። ያምር ነበር። እልልታው ሊጀመር ሲል ግን አያ መልካሙ እጃቸውን አነሡ። በመሐሉ አንድ ቦታ ጭምድድ ብሎ ዙሪያውን ይስባል። ጎንበስ ብለው ዳሰሱት። የድሮ ቋጠሮ ነው፤ እጃቸው ገና አልታዘዝ ባለ ጊዜ የሠሯት ካሬ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅላ ገብታለች።

«አይታይም፣ አያ» አለች ማህሌት በቀስታ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደችም።

«ልጁ ይቆረቁረዋል» አሉ። የጥንቱ መልካሙ ቢሆኑ በላዩ ሌላ ቋጠሮ ጨምረው ያልፉት ነበር። አሁን ግን መቀስ ተቀበሉ፣ የገዛ ቋጠሯቸውን ቀጭ አድርገው ቆረጡት፣ ዙሪያውን ፈቱ፣ ካሬዋን ሳብ አድርገው ትርትር አደረጓት። ከብርድ ልብሱ መሐል ትልቅ ቀዳዳ አፈጠጠ። እሳቸው ግን የተተረተረውን ክር ጠቅልለው ኪሮሹን አነሡ። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ስለ መሪጌታ ጉንፋን ማውራት ጀመሩ፤ አያ መልካሙም እየመለሱላቸው አዲሷን ካሬ ሠርተው ከጎረቤቶቿ አያያዟት። ፀሐይ ሐይቁ ላይ ስታዘቀዝቅ ብርድ ልብሱ እንደ ውኃ ተኝቶ ነበር። በእጃቸው የቀረው የክሩ ጫፍ ብቻ ነው። ቀና ብለው ወይዘሮዋን አዩ።

«አሁን ይቋጥሩ» አሏቸው።

አያ መልካሙ አምባዛ የማይበጥሰው የቁንዝላ ቋጠሮ ቋጠሩ።

በማግስቱ ጠዋት ብርዱ ይቆነጥጥ ነበር። ሕፃኑ ከተጠመቀበት ውኃ ወጥቶ፣ ማዕተቡ ታስሮለት፣ ቅዱስ ቅባቱን ተቀብሎ፣ ቤተ ክርስቲያኑን በጩኸት ሲያናጋው ካህኑ «ልብስ! ልብስ!» አሉ። ፀደንያ ወደ ኋላ ዞረች። አያ መልካሙ ወደ ፊት ራመድ ብለው ብርድ ልብሱን በሁለት እጃቸው ዘረጉ፣ ልጁን ተቀበሉት፣ ጠቀለሉት፣ ወደ ደረታቸው አስጠጉት። ጩኸቱ ቀጥ አለ። ሕፃኑ ትንሿን እጁን አውጥቶ አንዷን ጣት በካሬዋ ቀዳዳ አሾለከና ጭብጥ አደረገ።

ከኋላ ቆሞ የነበረው አበራ ጠጋ ብሎ አየ። ጨርቁን ዳሰሰው፣ ገልበጥ አድርጎ ስፌቱን መረመረው፣ የሚቀልድበት ነገር ፈልጎ አጣ። «ምን ይባላል ይኼ፣ መልካሙ?»

«መረብ ነው። ዓሣ አይዝም» አሉ አያ መልካሙ፤ «ያየኸውን ግን ይዟል።» ሴቶቹም መጥተው ኖሮ፣ ዋርካው ሥር የሚታወቀው እልልታ ቤተ ክርስቲያኑን ሞላው፤ የማህሌት ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር።

ቤት ሲገቡ ፀደንያ ልጇ የተኛበትን ብርድ ልብስ ደጋግማ እየደባበሰች ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች። ዓይኗ እንባ ሞልቶት ነበር። «አባባ» አለች፤ «ለእኔስ? ለእኔም አንድ ይሥሩልኝ።»

አያ መልካሙ ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደ ጠበቁት እሳቸውና ጣና ናቸው የሚያውቁት። ቢሆንም ወደ ሶፋው ደገፍ አሉ። «እኔማ ማረፍ አለብኝ፣ ልጄ። ይረፉ የምትይኝ አንቺው አይደለሽ?»

ፀደንያ ስትስቅ እሳቸው ኪሮሹን ከኪሳቸው አውጥተው ነበር። «በይ፣ ቀለም ምረጪ» አሏት።