ታጥቦ የተመለሰ ምሳ ዕቃ

ፖሊሶች ካዛንቺስ ከምሠራበት ጁስ ቤት ሲወስዱኝ እጄን እንኳ አልታጠብኩም ነበር፤ የማንጎው ጭማቂ ጣቶቼ ላይ ደረቀ። የሚፈልጉት ወንድሜን ነው። «ያለበትን እስክትናገሪ እዚህ ትቆያለሽ» አሉኝ። ያለበትን አላውቅም ነበር። አለማወቄን የማስረዳበት አንደበት ግን አልነበረኝም፤ ሰው ፊት መናገር ድሮም ያቅተኛል።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ መስኮት የላትም። በበሩ ሥር የበረኪና ሽታ ይገባል። የጣቢያው መግቢያ ከግድግዳው ማዶ ስለሆነ ስንቅ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ድምፅ ይሰማል።

በማግስቱ እማዬ ከቂርቆስ ምሳ ይዛልኝ መጣች። መገናኘት ስለተከለከልን የደረሰኝ ምሳ ዕቃው ብቻ ነበር። አንድ ጉርሻ እንኳ አልወርድ አለኝ፤ እንዳለ መለስኩት። ብዙም ሳይቆይ ድምጿን ሰማሁ።

«ምነው አልነካችውም? አሟታል? መታችኋት?»

«እማማ፣ ደህና ናት። ይሂዱ።»

«ደህና ከሆነች ለምን አልበላችም?»

እማዬ ደም ግፊት አለባት። አባታችን ሞቷል፤ እሷ ከወደቀች ታናናሽ እህቶቼን የሚይዝ የለም። አለሁ ብዬ ልጮህ ፈለግሁ። ድምፄ አልወጣም።

አብረውኝ የታሰሩት ሜክሲኮ ልብስ የሚሸጡ ጠና ያሉ ሴት ነበሩ። ለሳቸው ስንቅ የሚያመጣ አልነበረም።

«አንቺ ልጅ፣ ሙሽራ ነሽ እንዴ ካልተለመንሽ የማትበዪው?» አሉኝ።

«አልወርድ ብሎኝ ነው፣ እትዬ።»

«እናትሽ ፊትሽን አታይም። የምታየው ምሳ ዕቃውን ነው። ባዶውን ካየች እንቅልፍ ይወስዳታል።»

በሚቀጥለው ቀን አብረን በላን፤ እኔ ጥቂት፣ እሳቸው የቀረውን። ዳር ላይ ቃሪያ ነበረበት። እኔ ቃሪያ ከልጅነቴ ጀምሮ አልበላም፤ እሳቸው በሉልኝ። ከዚያ ከመጠጥ ውሃዬ ቀንሼ ምሳ ዕቃውን አጠብኩና በሻርፔ ጫፍ አደረቅሁት።

«ምን ያደክምሻል? ቤታቸው ያጥቡት የለ?» አለኝ ፖሊሱ።

«ንጹሕ ሆኖ ይሂድላት» አልኩት። እዚያ ከገባሁ ቀና ብዬ የተናገርኩት የመጀመሪያው ነገር ነበር።

ክዳኑ ሲከፈት ከማዶ ሰማሁ። እማዬ የትናንቱን ጥያቄ ሳትደግም ሄደች። ከዚያ በኋላ ከሚመጣልኝ ምሳ ቃሪያ ቀርቶ አያውቅም።

አንድ ጠዋት እትዬን ጠሯቸው። «ወዴት ነው?» ብለው ጠየቁ፤ የመለሰላቸው የለም። የዚያን ቀን እንደምንም ብቻዬን በላሁ። ምሳ ዕቃውን አጠብኩት። ቃሪያውን ግን አልቻልኩም፤ ውስጡ መልሼ አስቀመጥኩት።

ከተፈታሁ በኋላ እማዬን ጠየቅኋት።

«ቃሪያ እንደማልበላ ታውቂ የለ?»

«በድንጋጤ ነው መጀመሪያ የከተትኩት። በሩ ላይ ከምግቡ ቅመሺ ሲሉኝ ነው ትዝ ያለኝ። በኋላ ባዶውን ሲመልሱልኝ፣ አብሯት የሚበላ ሰው አለ፣ ብቻዋን አይደለችም አልኩ። ለእህቶችሽም ከፍቼ አሳየኋቸው። ከዚያ ወዲህ አውቄ ነበር የምከተው። ቃሪያው የተመለሰ ቀን ግን መንገድ ላይ ቁጭ አልኩ።»

እትዬ የት እንደደረሱ ዛሬም አላውቅም። በሜክሲኮ ሳልፍ ልብስ የዘረጉ ሴቶችን ፊት አያለሁ። ወንድሜም ያለበት ገና አልታወቀም። ምሳ ሲቀርብ እማዬ ከፊቴ አንድ ቃሪያ ታስቀምጣለች። ምሳው እስኪነሳ ማንም አይነካውም።