በኮባ የተጠቀለለው ራስ

በጃንሆይ ጊዜ ባለቤቴ ሆሳዕና ገበያ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። አዲስ አበባ ደርሶ በተመለሰ ቁጥር ለሳምንት ያህል ሀዲይኛ ይረሳና በአማርኛ ብቻ ያናግረኛል።

አንድ ቀን ከደጅ ተጣራ፤ «አንቺ፣ ራስ ይዤ መጥቻለሁ!»

ራስ የሚባለውን ባለማዕረግ መኮንን ይዞብኝ የመጣ መስሎኝ «ወይኔ፣ ምን አበላቸዋለሁ!» እያልኩ መጥረጊያ አነሣሁ። እሱ ለካ ከጆንያ ውስጥ የጄሶ ጭንቅላት መዘዘ፤ ፀጉሩ እንደ በግ የተጠቀለለ፣ ዓይኑ ብሌን የሌለው። ወደ አገሩ ከሚመለስ ግሪክ ነጋዴ ገዝቶት ነው። ዋናው የጥንት እብነ በረድ ነው፣ ይሄ ቅጂው ነው፣ የሠለጠነ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ያስቀምጠዋል አለኝ። ሳሎን የሚለው ከምድጃው ወዲህ ያለውን ነው። ከምድጃው ወዲያ ላም አለች። እሷም አይታው ሁለት ቀን ወተት ከለከለችን፤ ባለቤቴ ግን በሣሩ አሳበበ።

እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። ወንጌል ተቀብዬ በመጪው እሑድ ልጠመቅ ነበር። ስንት ወር ተምሬ፣ ነጭ ቀሚስ አሰፍቼ! ቤቱ ጣዖት ያስቀመጠ ደግሞ አይጠመቅም። ዐርብ ዕለት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ሊጎበኙኝ ሲመጡ ከሩቅ አየኋቸውና ጭንቅላቱን በኮባ ጠቅልዬ፣ ቆጮ አስመስዬ ጥግ አስቀመጥኩት።

ጸለዩ፣ መከሩኝ፣ ሊነሡ ሲሉ ዓይናቸው ኮባው ላይ አረፈ።

«ልጄ፣ እስቲ ከዚያ ቆጮ ትንሽ ጋግሪልኝ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም።»

«ገና ቦክቶ አልደረሰም፣ አባባ።»

«እውነትም ሽታ የለውም» ብለው በጣታቸው ጫን ሲያደርጉት ኮባው ተሰነጠቀ። አፍንጫ ብቅ አለ።

ሽማግሌው አፍንጫውን አይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ትሰግጂለታለሽ?»

«ኧረ አባባ! አቧራውን የምጠርግለት እኔ! ከሰገደም እሱ ይስገድልኝ እንጂ።»

ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ አፈኑት። «እንግዲያው ጣዖት አይደለም። ቆጮም ግን አይደለም። ዋሽተሻል፤ በሚቀጥለው ዙር ትጠመቂያለሽ።»

እሑድ ሌሎቹ ሲጠመቁ እኔ ዳር ቆሜ አለቀስኩ። ቤት ስገባ የባለቤቴን እርጥብ ካልሲ በሠለጠነው ጭንቅላት ላይ አሰጣሁበት። ጥሩ ያደርቃል።

የሚቀጥለው ዙር ከመኸር በኋላ ሆነ። ወንዙ ውስጥ እስከ ወገቤ ቆሜአለሁ፣ ዳር ያለው ሰው ይዘምራል፣ እኚያው ሽማግሌ ጭንቅላቴን ይዘዋል። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው «ያ ቆጮ ደረሰ?» አሉኝና ደፈቁኝ።

አፌን ከፍቼ እየሳቅኩ ነበር፤ ግማሹን ወንዝ ጠጥቼ ወጣሁ።