ከራሷ ወጥታ ወደ ራሷ የምትገባ ገመድ

ካራ ሰፈር ባለችው አንድ ክፍል ቤታችን የእናቴ አልጋና የእኔ የጥገና ጠረጴዛ በመጋረጃ ብቻ ተለያይተው ይኖራሉ። የጥበቃ ሠራተኞች የሚይዟቸውን የእጅ ሬዲዮኖች እጠግናለሁ። በዚያ ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ የሰው ዕቃ ነበረች፤ ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ሲግናል ጄኔሬተራቸውን አውሰውኝ። ለልጆቻቸው እንኳ የማያውሷትን! ስሟን ሰምተው መብራት ሲጠፋ ስልካቸውን ሊሰኩባት የመጡ ጎረቤቶች ነበሩ። ሥራዋ ግን ሌላ ነው፤ የሬዲዮ ጆሮ ምን ያህል እንደደነቆረ እንዲታወቅ፣ ልኩ የታወቀ ሞገድ አምርታ ታሰማዋለች።

አሠራሯን ሲያስረዱኝ እንዲህ ነበር ያሉኝ። ውስጧ ክሪስታል አለ፤ ምቱ የማይዛነፍ፣ ግን ከአንድ ምት ሌላ የማያውቅ ግትር። ሌላ ደግሞ ሂጂ ወደተባለችበት ሁሉ የምትሄድ ሞገድ አመንጪ አለች፤ እሷ በበኩሏ ጠባይ የላትም፣ ትንሽ ሙቀት ሲነካት ከልኳ ትሸሻለች። መሣሪያዋ የዚህችን ፈጣን ምት እኛ በመረጥነው ቁጥር ታካፍልና ከክሪስታሉ ምት ጋር ታስተያየዋለች። ከቀደመች ትይዛታለች፣ ከዘገየች ትገፋታለች፤ ከበሮውን እየሰማ ጭብጨባውን እንደሚያስተካክል ሰው። ቁጥሩን ስንቀይር ሞገዱም ይቀየራል። ሁለቱ እስኪስማሙ ፊቷ ላይ ቀይ መብራት ይበራል፤ ሲስማሙ ይጠፋል።

ባለቤቷ ሊወስዷት በሚመጡበት ቀን ጠዋት አበራኋት። ቀዩ አልጠፋም። ትሙቅ ብዬ ጠበቅሁ። አጥፍቼ አበራሁ። ቀዩ እንዳፈጠጠብኝ ነው። «ገደልኳት!» አልኩና ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ ዕቃው ብቻ አልነበረም። አባቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት፤ «ጎበዝ» ብሎኝ የሚያውቅ ወንድ ሽማግሌው ብቻ ናቸው።

እናቴ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየችኝ። ወር በገባ በዐሥራ ስድስት፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጃንጥላዋን ይዛ፣ ያለ አንድ ቃል ወደ እንጦጦ ወጣች። በዚህ ጭንቀቴ ጥላኝ መሄዷ በጣም አናደደኝ።

ለመደወል ወኔ ያገኘሁት እኩለ ቀን ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ቀዩ መብራት አልጠፋ አለኝ። ምን እንዳደረግኋት እንጃ።»

«ከኋላዋ አጭር ገመድ አለች?» አሉኝ።

ዞሬ አየሁ። ሁለት ባዶ ቀዳዳ። «የለችም።»

«በይ ተንፍሺ። የክሪስታሉ ምት በአንደኛው ቀዳዳ ወጥቶ፣ በዚያች ገመድ አድርጎ፣ በሁለተኛው ነው የሚገባው። የተሻለ ምት ያለው ሰው የራሱን እንዲሰካባት ነው እንደዚያ የተሠራችው። ገመዷ ከሌለች ማንን ሰምታ ትስተካከል? ካጣሻት ጫፉ የሚገጥም ሌላም ይሆናል። አልሞተችም።»

አልሞተችም!

ቤቱን ገለባበጥኩት፤ የለም። ገመድ ልገዛ መገናኛ ለመውረድ ጫማዬን ሳስር እናቴ ፊቷ ፈክቶ ገባች።

«አይዞሽ ልጄ፣ ተስዬልሻለሁ። ያቺ ዕቃሽ ከዳነች ለኪዳነ ምሕረት ጃንጥላ አስገባለሁ ብያለሁ።»

ይህን እያለች የራሷን ጃንጥላ ጥግ ላይ አቆመች። ወገቡ ላይ አጭር ጥቁር ገመድ ተጠምጥሟል፤ ጫፍና ጫፉ ብረት።

«እማዬ! ይህቺን ከየት አመጣሻት?»

«ትናንት አቧራ ስጠርግ ነቀልኳት። ከራሷ ወጥታ ወደ ራሷ የምትገባ ገመድ ምን ትሠራለች? የጃንጥላዬ ማሰሪያ ደግሞ ተበጥሷል።»

ፈትቼ ሰካኋት። ቀዩ ትንሽ አንገራገረና ጠፋ። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እንባዬ እየወረደ ሳቅኩ።

«መድኃኒቱን ይዘሽ ነዋ እንጦጦ ድረስ ለስለት የወጣሽው! በይ አሁን ጃንጥላውን ተዪው፤ ያበላሸሻት አንቺው ነሽ።»

«ስለት ስለት ነው» አለች ተቆጥታ። «መንገድ ላይ ተፈትታ ብትወድቅስ ኖሮ?»

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው መጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። ዕቃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው በር ላይ ሲደርሱ ግን ዞር አሉ።

«ማዋስ የተውኩት ለምን ይመስልሻል? ልጆቼም ጭምር የሰበሩትን ደብቀው እየመለሱልኝ ነው። አንቺ ደወልሽ። ጎበዝ።»

ከመጋረጃው ወዲያ እናቴ ሁለተኛውን እልልታ ለቀቀችው።