ኪሮስ ዛሬ ሰደበኝ፤ ተመስገን

ዛሬ ጠዋት ዳገቱ ላይ ጓደኛዬ ኪሮስ ሰደበኝ። ተመስገን!

ልቤን ታምሜ ከሆስፒታል ከወጣሁ ወዲህ ደፍሮ የሰደበኝ የለም። ልጆቼ አጠገቤ በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት። ዕድሜ ልኩን ሲለክፈኝ የኖረው ኪሮስ እንኳ "እርስዎ" ይለኝ ጀመር። ያን ቀን፣ በቃ ሞቻለሁ አልኩ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሕመሙ ይልቅ ያደከመኝ ፍርሃቱ ነው። ዳገት ባየሁ ቁጥር ደረቴን እይዛለሁ።

ይህንኑ ሆስፒታል ለምትከታተለኝ ነርስ ስነግራት፣ "አባባ፣ ብዙ ታማሚ እንዲህ ይፈራል፤ አይደብቁት። በየቀኑ ቀስ ብለው ይራመዱ። እየሄዱ ማውራት ከቻሉ ልክ ነው፤ ትንፋሽ ካጠረዎት ያርፉ" አለችኝ።

ማውራት? ለእሱስ ማን ብሎኝ!

ችግሩ፣ ኪሮስ አብሮኝ ሲሄድ አስከሬን እንደሚሸኝ ሰው ዝም ይላል። ዛሬ ታዲያ ነገር ፈለግሁት። "በቅሎህ ዝቋላ መንገድ ላይ ጥላህ የሄደች ጊዜ ያለቀስከውን ታስታውሳለህ?"

"ላብ ነበር! አንተ ውሸታም! ልብህ እንጂ ምላስህ መቼ ታመመ?"

ስንጨቃጨቅ ቆይተን ቀና ብል፣ የዳገቱ አናት ላይ ነን። ደረቴን መያዙን ረስቼዋለሁ። ቁና ቁና እየተነፈሰ ድንጋይ ላይ የተቀመጠው ኪሮስ ነው። (ፌስቡክ ስለሌለው እንደ ልቤ አማዋለሁ።)

ነርሷንም ኪሮስንም እግዜር ይስጥልኝ። ቤታችሁ ልቡን የታመመ ካለ ጨውን ከልክሉት፤ ቀልዱን ግን ተዉለት።

እናንተስ ከሕመም ስትነሱ መጀመሪያ የሰደባችሁ ማነው? ጻፉልኝና አብረን እንመርቀው።