ዑረይጃ ላይ የታጠበው ቀሚስ

ቦሌ፣ ማለዳ

ሻንጣዬ ሚዛን ላይ ሲወጣ ሃያ ሁለት ኪሎ ተኩል አለ። ከዚያ ውስጥ እኔ የምለብሰው ሁለት ኪሎ ቢሆን ነው። የቀረው ሽሮ ሜዳ ጋሽ ቶማስ የሚባሉ ሸማኔ የሸመኑት፣ እኔ ቆርጬ የሰፋሁት ጥጥ ነው። አሥራ አራት ቀሚስና ስድስት ሰፋፊ ሱሪ፤ ሁሉም ለሙቀት አገርና ለእረፍት ጊዜ ብዬ ያሰብኳቸው። ስምንት ዓመት የተቀመጥኩበትን የባንክ ወንበር ትቼ በራሴ ስም ልብስ ልሸጥ የተነሳሁት ባለፈው ዓመት ነው። እናቴ ግን እስከ ዛሬ ለጎረቤት "ሰብለ ባንክ ናት" እያለች ነው የምታወራው።

ሪያድ የምሄደው በታናሽ እህቴ በሄለን ምክንያት ነው። እዚያ ነርስ ሆና ስትሠራ ስድስት ዓመቷ። አንዱን ቀሚሴን ለብሳ ያዩዋት ኡም ናይፍ የሚባሉ፣ የሴቶች ልብስ ሱቅ ያላቸው ሴትዮ፣ "እህትሽ ትምጣና ሥራዋን እንየው" አሏት። አርባ ቀሚስ ካዘዙኝ ሥራዬ ይቆማል፤ የጋሽ ቶማስም የሽመና ዕቃ ሥራ ሳይፈታ ይከርማል። ካላዘዙኝ የባንኩን ኃላፊ ደጅ ልጠና ነው። ይኸው ነው ነገሩ፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

ሪያድ፣ ከሰዓት በኋላ

የጉምሩኩ ሰውዬ ሻንጣዬን ከፍቶ አንዱን ቀሚስ አነሳ፣ ሁለተኛውን አነሳ፣ ሦስተኛውን አነሳ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። "ሁሉም ቀሚስ?" አለኝ በዓረብኛ። ከማውቃቸው አምስት የዓረብኛ ቃላት አንዷን መዝዤ "አይዋ" አልኩት፤ አዎ ማለት ነው። ይቺ "አይዋ" በኋላ ጉድ እንደምትሠራኝ መች አወቅኩ።

ከአየር ማረፊያው በር ስወጣ የፀጉር ማድረቂያ ፊቴ ላይ የለቀቁብኝ መሰለኝ። ገና ሚያዝያ ነው እኮ! ሄለን አቅፋኝ እየሳቀች "ይህ ገና ቅዝቃዜው ነው፣ ሰብልዬ" አለችኝ። በሰባ ሪያል ታክሲ ይዘን ወደ ምዕራቡ ሰፈር፣ ወደ ባዲዓ ሄድን። ሄለንና ባሏ ከአንድ የልብስ ስፌት ቤትና ከአንድ የዳቦ ምድጃ በላይ ባለ ፎቅ ላይ ተከራይተው ይኖራሉ። ባሏ መሐንዲስ ነው፤ ያን ሳምንት ለሥራ ደማም ከተማ ወርዶ ስለነበር ቤቱ የኛ የእህትማማቾቹ ሆነ።

ባዲዓ፣ በማግስቱ

ቁርስ ፉል በትልቅ ትሚስ ዳቦ በላን። ዳቦው ከምድጃው እንደወጣ የሚገዛ፣ ትሪ የሚያክል ነው፤ በአንድ ሪያል ሁለታችንንም አጠገበን። ከዚያ ሄለን ወደ ሥራዋ ስትሄድ እኔ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ያየሁትን ልንገራችሁ። የተሰቀለው የሙቀት ልብስ ሁሉ ያብረቀርቃል፣ ይንሸራተታል፣ ስትነኩት ደግሞ ይሞቃል። ተልባ እግር ጨርቅ ያገኘሁት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ዋጋው ሦስት መቶ ሃምሳ ሪያል። አንድ የመናዊ ባለሱቅ የለበስኩትን ነጠላ ጫፉን በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ፣ "ይሄ እጅ ነው" አለኝ፤ መዳፉን እያሳየኝ። ደስታዬ! በምልክት እንጂ በቃል ሳንግባባ ሰውዬው የእጅ ሥራነቱን አወቀልኝ።

ዑረይጃ

የኡም ናይፍ ቤት ዑረይጃ የሚባለው ሰፈር ነው፤ ሄለን ከሥራ ስትወጣ አብረን ሄድን። ግንቡ ረጅም፣ ውስጡ ቀዝቃዛ። ሴትዮዋ አምሳዎቹን የጀመሩ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ቀሚሶቹን ምንጣፉ ላይ ስዘረጋ ሻይና ተምር ይዛ የገባችው የቤት ሠራተኛ ትሪውን እንደያዘች ቆመች።

"ያ ረቢ! ይህማ የኛ ፈትል ነው!" አለች በአማርኛ። ትሪውን አስቀምጣ እጇን ልብሷ ላይ ጠረገችና ጥለቱን ዳሰሰችው።

"የማን አገር ልጅ ነሽ፣ እህቴ?" አልኳት።

"የባቲ ነኝ እቴ። ዘሃራ እባላለሁ። እዚህ ቤት ሦስት ዓመቴ። ዘንድሮ ኢንሻአላህ ለእረፍት እገባለሁ፣ ትኬቴ ተቆርጧል። ልጄን ስተዋት ዳዴ ትል ነበር፤ አሁን ስልክ ላይ ታዘኛለች።"

ኡም ናይፍ አንዱን ነጭ ቀሚስ ወደ መስኮቱ ይዘው ሄዱ፤ አገላበጡት፣ ጉንጫቸው ላይ አደረጉት። "የሚተነፍስ ጨርቅ ነው" አሉ፤ ሄለን ተረጎመችልኝ። ሐሙስ ወደ እስቲራሓ ሊሄዱ ነው። እስቲራሓ ማለት ቤተ ዘመድ ተሰባስቦ የሚዝናናበት፣ ከከተማ ወጣ ያለ ግቢ ነው። ቀሚሱን እዚያ ለብሰውት ሊሞክሩት አሰቡ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ "ገሳላ ውስጥ ይገባል?" ገሳላ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው።

ምን ልበላችሁ። እኔ ዕድሜ ልኬን የሀገር ልብስ ማሽን ውስጥ ከትቼ አላውቅም። እናቴም፣ ጎረቤቶቻችንም አይከቱም። በቀዝቃዛ ውሃ፣ በለስላሳ ሳሙና፣ በእጅ ነው የሚታጠበው። ይህን እኛ ሳንማረው እናውቀዋለን። ግን በእጅ ይታጠባል ካልኩ ይተዉኛል ብዬ ፈራሁ፤ ሄለን ጥያቄውን እንደነገረችኝ፣ መልሴን እንድትተረጉም ሳልጠብቅ "አይዋ! አይዋ!" አልኩ፣ ፈገግታዬ እስከ ጆሮዬ ድረስ።

ዘሃራ ስኒ ስታነሳ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች። "እህቴ፣ በእጅ ነው በያት። ገሳላው ይፈጀዋል።"

"አብሽሪ ዘሃራ፣ ምንም አይሆንም" አልኳት። አብሽሪ በነሱ አነጋገር አይዞሽ ማለት ነው፤ በገዛ ቋንቋዋ ሸነገልኳት እኮ! አይ እኔ!

ባዲዓ፣ ቅዳሜ

ቅዳሜ ጠዋት ከኡም ናይፍ ለሄለን የድምፅ መልእክትና ፎቶ መጣ። ሄለን እየሰማች ተረጎመችልኝ። "በጣም ዐፍረናል። እህቶቼ ሁሉ ቀሚሱን ወደዱት፤ ሠራተኛዬ ግን ስታጥበው አበላሸችው። ለእህትሽ ይቅርታ በይልኝ። አርባውን ቀሚስ እፈልጋለሁ።"

አርባ! ሄለንን አቅፌ ዘለልኩ፤ የታችኛው ቤት ሰው ጣሪያው የወረደበት ሳይመስለው አልቀረም። ሄለን ግን አልዘለለችም። "ይቀጥላል፣ ስሚው" አለችኝ።

"ይቺ ልጅ ልቧ አገሯ ሄዷል። ሥራዋን እንዲህ የምታበላሽ ከሆነ እረፍቱ ለሌላ ጊዜ ይቆይ ብያታለሁ።"

ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ጨርቁ ሰብሰብ ብሎ አጥሯል፤ ጥለቱ ግን አልተሰበሰበም። ስለዚህ ከጫፉ እንደ ካልሲ አፍ ተጨማዶ ቆሟል። አንድ ጊዜ ብቻ አይቼ ነገሩ ገባኝ። ጨርቁ ጥጥ ነው። ጥለቱ ደግሞ ገበያ ላይ የሚሸጠው የሚያብረቀርቅ ሰው ሠራሽ ክር ነው። ለጌጥ ብዬ እኔው ነበርኩ መርጬ ለጋሽ ቶማስ የሰጠኋቸው። "ሁሉም ነገሩ ጥጥ" እያልኩ የምሸጠው እኔው። ሙቅ ውሃ ሲያገኛቸው አንዱ ተኮማተረ፣ ሌላው እምቢ አለ። ዘሃራ ምን አጠፋች?

እውነቱን ልናገር፣ ወዲያው ግን ሰበብ መፈለግ ጀመርኩ። የቤታቸው ጉዳይ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ አልኩ። ሴትዮዋ ቁጣቸው ሲበርድ ይተዉታል አልኩ። አርባ ቀሚስ እኮ ነው አልኩ። ሄለን ምንም ሳትመልስ ሰሃን ታጥባለች።

"ምነው ዝም አልሽ?" አልኳት።

"እኔ ሆስፒታል የምውለው እንደሷ ካሉ ልጆች ጋር ነው። ታመው ይመጣሉ፣ ሕመማቸውን ሳይሆን ልጃቸውን ለማየት ስንት ቀን እንደቀራቸው ነው የሚነግሩኝ። አይዋ ያልሽው አንቺ ነሽ፣ ሰብልዬ። እኔ አልተረጎምኩልሽም።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። "ያላ፣ ተነሺ እንሂድ" አልኳት።

ዑረይጃ፣ ያኑ ቀን

መንገዱን ሁሉ ሄለን ያስተማረችኝን እየደገምኩ ሄድኩ፤ "አልገለጥ ገለጢ"፣ ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ነው። ኡም ናይፍ ፊት እንደተቀመጥኩ ተናገርኩት። ከዚያ የቀረውን በአማርኛ ዘረገፍኩት፣ ሄለን እየተከተለች ተረጎመች። ማሽን ውስጥ እንደማይገባ እያወቅኩ ይገባል ማለቴን፣ ዘሃራ ነግራኝ አልሰማ ማለቴን፣ የጥለቱን ነገር፤ ሁሉንም።

"ለምን ዋሸሽኝ?" አሉ ኡም ናይፍ።

"በእጅ ይታጠባል ካልኩ አይገዙኝም ብዬ ፈርቼ ነው።"

"እኔ መች ልብስ አጥባለሁ?" አሉና ዘሃራን ጠሩ።

ዘሃራ ዓይኗ ቀልቶ ገባች። ኡም ናይፍ ፊታቸውን ወደ ምንጣፉ አድርገው ተናገሯት፤ ሄለን በጆሮዬ አቀበለችኝ። "ባለ ቀሚሷ ጥፋቱ የኔ ነው ትላለች። አንቺም በእጅ ልጠበው ብለሽኝ ነበር፣ እምቢ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ትኬትሽ በቦታው ነው።" ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣቸውም። ግን ለዚያች ልጅ ከትኬቱ የበለጠ ይቅርታ ከየት ይመጣል? "አልሐምዱሊላህ" ብላ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። እኔም አለቀስኩ፤ ልደብቀው አልችልም፣ ነጠላዬ እስኪርስ ነው ያለቀስኩት።

ዘሃራ ግን ቁጭ ብላ የምትቀር ልጅ አይደለችም። ዓይኗን ጠርጋ ወደ ኡም ናይፍ ዞረችና "ማማ፣ ላሳይሽ" አለች። ወደ ማጠቢያ ክፍሏ ወሰደችንና ከቦርሳዬ ሁለት ነገር ተቀበለችኝ፣ አንድ ባለ ጥለት ቀሚስና ጥለት የሌለው ቁራጭ ጨርቅ። ቀሚሱን በባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ በእጇ አጠበችው፤ ቁራጩን በሙቅ ውሃ ገሳላ ውስጥ ከተተችው። ማሽኑ እስኪጨርስ አራታችንም በር ላይ ቆመን ተምር በላን። ሲወጣ ቁራጩ ተሰብስቧል፣ ግን እኩል ነው፣ አልተጨማደደም። ቀሚሱም እንደነበረ ነው።

"አየሽ? ወላሂ ጨርቁ ጨዋ ነው" አለችኝ። "የፌስታል ዘመድ አጋብተሽበት ነው እንጂ! ጥለቱንም ከጥጥ አሠሪው። ደግሞ ሳትቆርጪው በፊት በሙቅ ውሃ እጠቢው፤ የሚሰበሰበውን ያህል ይሰብሰብና ከዚያ ስፊው።"

ስምንት ወር ሙሉ ስሰፋ ይህን ያላሰብኩት ሰው እኔ ነኝ። ኡም ናይፍ ሄለን ስትተረጉምላቸው ሳቁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያ እንደ ነጋዴ ሆኑ። "አርባው ኸላስ" አሉ፤ ቀረ ማለታቸው ነው። "አሥር አምጪ። ዘሃራ ስትመለስ አሥሩንም ታጥባቸዋለች። ያኔ እንነጋገራለን።"

ሽሮ ሜዳ

ከሪያድ ተመልሼ ከቦሌ ስወጣ ሻንጣዬ ስሄድ ከነበረው አልቀለለም። አርባ ይዤ እገባለሁ ያልኩት አሥር ይዤ ገባሁ። ቢሆንም ልቤ ቀሎኛል። ሄለን ዝም ብላ ሰሃን በማጠቧ ቀና አደረገችኝ፤ ኡም ናይፍ ዋሽቼያቸው በራቸውን አልዘጉብኝም፤ ዘሃራ ደግሞ በኔ ምክንያት ተወቅሳ እያለ ሙያዋን በነጻ ሰጠችኝ። ሦስቱንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሽ ቶማስ "ደግሞ ገና ሳይቆረጥ ይታጠባል?" ብለው አጉረመረሙ። የመጀመሪያው ጣቃ ከሙቅ ውሃ ወጥቶ ሲደርቅ ግን ዳስሰው "ለሰለሰ እኮ!" አሉኝ። ጥለቱንም በቀለም የተነከረ ጥጥ አደረጉልኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ዘሃራን ቦሌ ተቀበልኳት። የባቲ አውቶቡስ የሚነሳው በማግስቱ ስለነበር እኛ ቤት አደረች፤ ማለዳ ከመሄዷ በፊት ቀሚሶቹ አንገት ሥር የምሰፋትን የአስተጣጠብ መመሪያ ጨርቅ አብረን አዘጋጀን። ገዢዋ ዓረብኛ ታነባለች። የምታጥበዋ ግን እንደ ዘሃራ ያለች የኛ ልጅ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ በሁለቱም ቋንቋ ይጻፍ ተባባልን። ዘሃራ ነገረችኝ፣ እኔ ጻፍኩ፤ የመጨረሻዋን መስመር ብቻ ከራሴ ጨመርኩ። አማርኛው እንዲህ ይላል፤

"እህቴ፣ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢው፣ ጥላ ሥር አስጪው። ቢበላሽ ጥፋቱ የሰፊዋ ነው።"

ሄለን ተርጉማ የላከችልን ዓረብኛም ይህንኑ ይላል።